ሙሴ የታሰረበት ዐቢይ ጾም

ባለፈው ጥር ለሠርግ ወደ እንጅባራ ስሄድ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ የቀርከሃ ወንበርና አልጋ ከሚሠሩ ሰዎች ፊት ለፊት መኪናችን ቆመ። አንድ ጎልማሳ እርጥብ ቀርከሃ መሬት ላይ አጋድሞ በገጀራ ይሰነጥቃል። ሽታው በመስኮት ገባ። አዲስ የታጨደ ሣር ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ግን መረር ይላል። አብረውኝ ያሉት ስለ ሙሽራዋ ያወራሉ። እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የተቀቀለ ድንች በአገልግል ይዤ፣ ዳንግላ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከአክስቴ ከትጓደድ ኋላ ቆሜ ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ እስረኞች ቀን ቀን ቀርከሃ እየሰነጠቁ ቅርጫት ይሠሩ ነበር።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልሞላም። እንጅባራን ያኔ ሁላችንም ኮሶበር ነበር የምንላት። ቤታችን ከኮሶበር ወደ ዘንገና ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እቤት የምንነጋገረው በአገውኛ ሲሆን፣ አማርኛ የገበያና የትምህርት ቤት ነበር። እኔ ሁለተኛ ክፍል ደርሼ ስለነበር አማርኛ አውቃለሁ ብዬ እኩራራለሁ።

ወሬው የመጣው ጾሙ ሊገባ ባለበት ሰሞን፣ በየካቲት ነው። ከጫግኒ በርበሬ የሚያመጣ አንድ ነጋዴ አክስቴን እየጠየቀ እኛ ቤት ደረሰ። አክስቴ ያን ቀን እኛ ዘንድ ነበረች።

«ዳንግላ አንድ ሰው ታስሯል» አላት። «ጫግኒ ገበያ ላይ ነው የያዙት። ከሱዳን ነው የመጣው፤ ወረቀት የለውም። አማርኛ አንድም አያውቅ፤ አገውኛ ግን እንደኛ ነው የሚናገር። አባቴ አያሌው ነው፣ የዘንገና ሰው ነው፣ ትጓደድ የምትባል እህት አለችው ይላል።»

አያሌው የአባቴና የአክስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ጣሊያን ሲፈልገው በመተከል በኩል ወደ ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ይሙት ይኑር የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ ከመደቡ ተነስታ ቆመች። አባቴ የሚጠርበውን ሞፈር አላስቀመጠም።

«ከሱዳን የመጣ ሁሉ የአያሌው ልጅ ነኝ ቢል ላምን ነው?» አለ።

«ማመኑን ተወውና እንየው» አለች አክስቴ።

«እኔ ሥራ አለኝ፤ እታለም።»

ወረቀት የለውም የሚለው ነገር እኔን አላስገረመኝም። እኛም ትምህርት ቤት ደብተር ያልያዘ ይገረፋል። ሰውየው ወረቀቱን ረስቶ መጥቶ ተቀጣ፤ ነገሩ ትክክል ነው ብዬ አሰብሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አክስቴ እኔን ይዛ ሄደች። ለምን እኔን እንደያዘች ያኔ አልገባኝም፤ ኋላ ግን ስትናገር እንደሰማሁት፣ «ከወንድሜ ቤት አንድ ሰው ሊኖር ይገባል» ብላ ነው። ከኮሶበር በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና፣ ከድንች ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። አክስቴ መኪና ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ስለነበር ዳንግላ እስክንደርስ ዓይኗን አልገለጠችም።

ጣቢያው ረጅም ቆርቆሮ ቤት ነው። ዘቡ የአገራችን ሰው፣ አንድ አስር አለቃ ነበር፤ አገውኛ ያውቃል። የእስረኛውን ስም ሲጠራ ከቀርከሃ ሰንጣቂዎቹ መካከል አንድ ቀጭን፣ ረጅም ወጣት ተነሳ። ነጭ የነበረ፣ አሁን የአፈር መልክ የያዘ ረጅም የዓረብ ቀሚስ ለብሷል። ይንቀጠቀጣል። የፈራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ በርዶት ነው።

አክስቴ ሰላም አላለችውም።

«የማን ልጅ ነህ?» አለችው በአገውኛ።

«የአያሌው።»

«አያሌውስ የማን?»

እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላት። እኔም በጣቴ ቆጠርሁ። ሳቄ መጣ፤ ምክንያቱም አነጋገሩ የሽማግሌ ነበር። ገና ሃያ ዓመት የሚሆነው ልጅ እንደ አያቶቻችን ነው የሚያወራው። አገውኛን ከአንድ ሰው፣ ከአባቱ ብቻ እንደተማረና አባቱም አገሩን ከለቀቀ ጀምሮ አዲስ ቃል እንዳልሰማ አሁን ይገባኛል።

«ይህንን ማንም ሊያስጠናህ ይችላል» አለችው አክስቴ። «ሌላ ንገረኝ።»

ትንሽ አሰበና፣ «ጣሊያን አባቴን ሲፈልገው በባዶ የእህል ጉድጓድ ውስጥ የደበቅሽው አንቺ ነሽ» አለ። «ሦስት ቀን። የተነከረ ባቄላ በገመድ ታወርጅለት ነበር። በሁለተኛው ቀን ገመዱ ተበጥሶ ባቄላው ራሱ ላይ ፈሰሰ። ሲስቅ እንዳይሰሙት አፉን በእጁ ያዘ።»

አክስቴ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ይህንን ለእናቷም ነግራ አታውቅም ነበር።

«እሱስ?» አለችው።

«ሞተ። ሦስት ዓመቱ ነው።»

አክስቴ ድምጿ ሲወጣ አስር አለቃው ሮጦ መጣ። «እናቴ፣ እዚህ አይለቀስም። እባክዎ። አለቃው ይሰማል» አላት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ትከሻዋ ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔ ድንቹን ለሙሴ ሰጠሁት። ስሙ ሙሴ ነው። ሱዳኖች ሙሳ ይሉታል፤ ፖሊሶችም የጻፉት ሙሳ ብለው ነበር። ይህም ራሱ ችግር አመጣ፤ አክስቴ «ሙሴን ላስፈታ መጣሁ» ስትል ጸሐፊው መዝገቡን አገላብጦ «ሙሴ የሚባል እስረኛ የለንም» አላት።

ከዚያ ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ገባን። ከሌላ አገር የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሲናገር አይቆጣም፤ አክስቴን «እናቴ» ነው የሚላት።

«ዜግነቱ አልታወቀም» አለ። «እናቴ፣ ይህ ሰው የማን ዜጋ ነው?»

አክስቴ የገበያ አማርኛ ታውቃለች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«የማንም ዜጋ አይደለም!» አለች ጮኻ። «አባቱም አያቱም የማንም ዜጋ ሆነው አያውቁም! እኛ ባለርስት ነን!»

በእኛ አገር ያኔ ትልልቅ ሰዎች ዜጋ የሚሉት መሬት የሌለውን፣ በሰው መሬት ላይ ተጠግቶ የሚያድረውን ሰው ነው። ሰውን ዜጋ ብሎ መጥራት ስድብ ነበር። መቶ አለቃው ግን ይህንን አያውቅም፤ የሚያውቀው የመንግሥቱን ዜጋ ነው። የማንም ዜጋ አይደለም የተባለውን ቃል በቃል አስጻፈው። አስር አለቃው ገብቶ ነገሩን እስኪያስረዳ ድረስ አክስቴና መንግሥት ተኳረፉ።

መቶ አለቃው ሲገባው ፈገግ አለ፤ ጽሑፉንም አሰረዘ። ግን እንዲህ አላት፦ «እርስዎ አምነዋል፤ እኔም ምናልባት አምናለሁ። ግን ልጁን ዛሬ ገና ማየትዎ ነው። የአባቱ መሬት አሁን በማን ስም ይገበራል?»

«በታናሽ ወንድሜ።»

«እሱ ይምጣ። መሬቱን የያዘው ሰው ልጁ ነው ካለ እኔ ከዚያ በላይ አልጠይቅም። እሱና አንድ አባትየውን የሚያውቅ ሽማግሌ ይምጡ። ካልመጡ ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ በጫግኒ በኩል ወደ ጠረፍ ይሸኛል።»

ስንመለስ አክስቴ ዓይኗን ገልጣ ነበር የተቀመጠችው። መኪናው ሲንገጫገጭም አልከደነችውም።

አባቴ ሁሉንም ሰማ። የወንድሙን ሞት ስትነግረው መሬት መሬት አየ። ሰው አልተጠራም፤ ልቅሶም አልተቀመጠም። «አንገቱ ላይ ማተብ አለው?» ብቻ አላት።

«የለውም። እኔ አስርለታለሁ።»

«እሺ፤ እናያለን።»

እናያለን ማለት በአባቴ አፍ እምቢ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከወንዙ ዳር ያለው ጥሩ ማሳችን እኩሌታው የአያሌው ድርሻ ነው። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያርሰው ኖሯል፤ ግብሩንም በስሙ ይከፍላል። እናቴ በማግስቱ ከጎረቤት ጋር ስታወራ፣ «ልጁ ከገባ እኩሌታው መሄዱ ነው» ስትል ሰማኋት።

እኔ እኩሌታው ያለችው የሁሉም ነገር እኩሌታ መሰለኝ። ሁለት በሬ አለን፤ አንዱ ይሄዳል። አራት ልጆች ነን፤ ሁለታችን እንሄዳለን። ማን ማን እንደሚሄድ ለብቻዬ አሰላሁ። ታላቅ ወንድሜ ያርሳል፤ አይሰጡትም። ትንሿ ገና ትጠባለች። የቀረነው እኔና ታናሽ ወንድሜ ነን። ደግሞም እኔን አስቀድመው እየወሰዱ አሳይተውታል! ለብዙ ቀን ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ ሆዷን አሟት ነው ብላ ኮሶ ልታጠጣኝ ነበር።

ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር መሄዴን አልተውሁም። በሁለተኛው ጊዜ የበግ ጠጉር ባና ወሰድንለት፤ ተከናንቦት ዓይኑ ብቻ እየታየ ቅርጫት ይሠራል። በሦስተኛው ጊዜ አክስቴ ጥቁር ክር አምጥታ አንገቱ ላይ አሰረችለት። ምን እንደሆነ አልጠየቃትም፤ ዝቅ ብሎ አንገቱን ሰጣት። ወደ ሱዳን ሊወስደኝ ይችላል ብዬ ስለፈራሁ፣ አገሩ ምን እንደሚመስል ደጋግሜ እጠይቀው ነበር። ተራራ የለም አለኝ። ውኃው በቦይ ነው የሚሄደው፤ ሜዳው ሁሉ ጥጥ ነው። እኔም በዓረብኛ መቁጠር እንዲያስተምረኝ ለመንሁት፤ እዚያ ስሄድ ይጠቅመኛል ብዬ ነው። እስከ ዐሥር አስተማረኝ።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት መምህራችን ሲያስቆጥሩን አምልጦኝ «ዋሕድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ» አልሁ። ክፍሉ ሳቀ።

«ይህንን ማን አስተማረሽ?» አሉኝ መምህሩ።

«የአጎቴ ልጅ። ዳንግላ ታስሯል።»

በዚያው ሳምንት ወሬው በኮሶበር ገበያ ተዳረሰ። አባቴ ድንች ሊሸጥ ቢወጣ ያገኘው ሰው ሁሉ፣ «የአያሌው ልጅ መጣ አሉ፤ እንኳን ደስ አለህ» ይለዋል። አንዳንዱም፣ «መቼ ነው የሚፈታ?» ብሎ ይጠይቀዋል። አባቴ ድንቹን ሳይሸጥ ይዞት ተመለሰ። አልመታኝም። በሩ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ…» አለና ቃሉን ሳይጨርስ ወጣ።

በሆሳዕና ዋዜማ ስንሄድ አስር አለቃው ወደ ጥግ ወሰደን። «እናቴ፣ ወደ ጠረፍ የሚሄደው መኪና ከፋሲካ በኋላ ማክሰኞ ይነሳል» አላት ለአክስቴ። «ሦስት ሰዎች ናቸው የሚሄዱት፤ የሙሴም ስም ከነሱ ጋር ተጽፏል።»

በማግስቱ አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ እኛ ቤት መጣች። ዘንባባውን ጣቷ ላይ እንዳሰረች ነው። ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች፤ የቀረበላትንም አልበላችም።

«የእኔ ድርሻ አለ» አለችው አባቴን። «ከአባታችን የደረሰኝ። እሱን እሰጠዋለሁ፤ በሽማግሌ ፊት እምላለሁ። የአያሌውን አንተው ያዘው። እሱን አልጠይቅህም።»

«መሬት ነው ያልሁት እኔ?»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

 «አላውቀውም፤ እታለም። የማላውቀውን ሰው እንዴት አውቀዋለሁ ብዬ እምላለሁ?» አለ።

«እሺ። ሄደህ እየው። ፊቱን እይና፣ አይደለም በል። እዚህ ሆነህ ግን አይደለም አትበል።»

እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆማለች። ከአባቴ በፊት እሷ ተናገረች። «ሂድ» አለችው። «እኔ ልጆቼን ይዤ ነው የፈራሁ። ግን ሂድ።»

በዚያው በሕማማቱ ሳምንት ማክሰኞ አራት ሆነን ሄድን፦ አባቴ፣ አክስቴ፣ እኔ፣ እና አያ መኮንን የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤታችን። አያ መኮንን በጣሊያን ጊዜ አያሌውን እስከ ጠረፍ ሸኝተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከመጀመሪያውም እመሰክራለሁ ብለው ነበር፤ «ወንድሙ ሳይመጣ የኔ ቃል ብቻውን ምን ያደርጋል» እያሉ ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

መቶ አለቃው ሙሴን አስጠራው። አባቴ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሙሴ ገባ፤ መጀመሪያ አክስቴን፣ ቀጥሎ እኔን አየ። ከዚያ አባቴን አየ፤ ፊቱን ሳይሆን እግሩን።

የአባቴ ግራ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በታች ቆዳው የተጨማደደና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ሁለት ጣቶቹም ተጣብቀዋል። ከተወለድሁ ጀምሮ ስላየሁት የሁሉም አባት አንድ እግር እንዲያ የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

«እሳት የበላው እግርዎ ዳነ?» አለው ሙሴ በአገውኛ።

አባቴ እግሩን ወደ ጋቢው ሳብ አደረገ።

«አባቴ ከሐበሻ የሚመጣ ነጋዴ ባገኘ ቁጥር ስለ እግርዎ ይጠይቅ ነበር፤ የሚያውቅዎት ግን አላገኘም» አለ ሙሴ። «እርስዎ ምድጃ ውስጥ በወደቁ በአራተኛው ቀን ነው የሄደው። ተኝተው ስለነበር አልቀሰቀስዎትም። እንቅልፍ የወሰደዎት ያን ቀን ገና ነበር።»

«ምን አለ?» ብሎ መቶ አለቃው አስር አለቃውን ጠየቀ። አስር አለቃው ተረጎመለት።

 አባቴ ጋቢውን ከአፉ ላይ አወረደ። 

«እኔ…» አለ፤ ከዚያ አቆመ። «እኔ ዘወር ብሎ ሳያየኝ የሄደ ነበር የሚመስለኝ።»

ይህንን የተናገረው በአገውኛ ነው፤ ለማንም አልነበረም። ቀጥሎ ወደ መቶ አለቃው ዞሮ በአማርኛ፣ «ጌታው፣ ይጻፉልኝ» አለ። «የአያሌው ድርሻ በእኔ እጅ ነው ያለው። ከወንዙ ዳር ነው። ይህ ልጁ ነው።»

መቶ አለቃው እስክሪብቶውን አንስቶ፣ «መሬቱን መጻፍ አያስፈልግም፤ ልጁ መሆኑ ይበቃል» አለ።

«የለም። እሱንም ይጻፉልኝ።»

አባቴና አያ መኮንን በቀለም ጣታቸውን አሳረፉ። አባቴ ዋስም ሆነ። ያን ቀን ግን አልፈቱትም፤ አንድ ፊርማ ይቀራል ተባለ፤ የሚፈርመው ሰው ለሥራ ጫግኒ ሄዷል። አክስቴ ዳንግላ ካለች አንዲት ዘመዳችን ቤት አድራ ጣቢያው በር ላይ እየተቀመጠች ጠበቀች። እኛ ተመለስን። ስቅለት ዓርብ ማታ ይመስለኛል፣ በአካባቢው ውሻ ሁሉ ሲጮህ ወጣን፤ አክስቴና ሙሴ ከኮሶበር በእግራቸው እየመጡ ነበር። ሙሴ በየወሩ መጨረሻ ዳንግላ እየሄደ መታየት ነበረበት። የተፈታበትን ወረቀት ባና ውስጥ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል።

ፋሲካን አብሮን ዋለ። እኔ ግን ደስታው አልተሰማኝም። ሽማግሌዎች ገመድ ይዘው ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ሲለኩ ሳይ ተራው የእኛ ደረሰ ብዬ ወደ እናቴ ሄድሁ።

«እማ፣ እኔና ታናሼ መቼ ነው የምንሄደው?»

«የት?»

«ከሙሴ ጋር። እኩሌታው ሲሄድ።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት እስክትንበረከክ ሳቀች፤ ከዚያ እያቀፈችኝ አለቀሰች። ያን ጾም ሙሉ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

በሚያዝያ መጨረሻ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለና አፈሩ ለሰለሰ። ሙሴ በሬ ጠምዶ አያውቅም፤ እርፉን ሲይዝ ማረሻው አንዴ ይጠልቃል፣ አንዴ ከአፈሩ ይወጣል። አባቴ ከኋላው ቆሞ እጁን በሙሴ እጅ ላይ አድርጎ ያሳየዋል። የሚጀምሩት ከሙሴ ድርሻ ነበር። ስለ ሥራው ያወራሉ፤ ስለ ሌላ ነገር ግን አባቴ ከጣቢያው ወዲህ አንድም ቃል አልጠየቀውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቂጣና ውኃ ይዤላቸው ወረድሁ። ገና ሳልደርስ አባቴ «ሃ!» ብሎ በሬዎቹን አቆመ።

«አባትህ እንዴት ሞተ?» አለው።

ሙሴ ጅራፉን መሬት ላይ አኖረ። «ወባ ነው» አለ። «አምስት ቀን ታመመ። በአራተኛው ቀን ደህና ሆኖ ነበር፤ ተነስቶ ተቀመጠ፤ ገንፎ በላ። ዘንገና ውኃው አሁንም ጥቁር ነው? ብሎ ጠየቀኝ። እኔ አይቼው አላውቅም አልሁት። በማግስቱ ጠዋት ሞተ። ከቦዩ ማዶ ቀበርነው። ቄስ አልነበረም። ጸሎቱን እኔ የማውቀውን ያህል አልሁ።»

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቀንበሩን ፈታ። የማሳው እኩሌታ አልታረሰም፤ ፀሐይዋም ገና አናት ላይ አልደረሰችም።

«ሂጂ ለእናትሽ ንገሪያት» አለኝ። «ሰው ትጥራ። ወንድሜ ሞቷል በያት።»

ሮጥሁ። እናቴ የምትፈትለውን ጥላ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ወደ ጎረቤት ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ሰው ከየአቅጣጫው መምጣት ጀመረ። አክስቴ ከላይ ከዘንገና በኩል እየጮኸች ወረደች፤ ጣቢያው ግቢ ውስጥ በነጠላዋ ያፈነችው ድምፅ ያን ቀን ነው የወጣው። አባቴ በተጨማደደው እግሩ ደጅ ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል። ሙሴን ከጎኑ አቁሞታል፤ ሙሴ እንዴት እንደሚለቀስ ስለማያውቅ አባቴ ሲያጎነብስ ያጎነብሳል፣ ቀና ሲል ቀና ይላል።

ሦስት ቀን ተለቀሰ። በአራተኛው ቀን ዝናብ ስለነበር አላረሱም። በአምስተኛው ቀን በሬዎቹን ጠምደው የቀረውን እኩሌታ ለመጨረስ አብረው ወረዱ።